የጄት አውሮፕላን የፍጥነት ጣሪያ ከምን ይመጣል? አንድ ጥያቄና 18 መልሶች

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ ስለ ድምፅ ሞገድ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ፣ ቦይንግ 787 በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ከቻለ 1,100 እንዳይደርስ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሞተሩ ጉልበት እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ነው ብዬ መለስኩላት። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳሰላስለው ግን መልሴ አላሳመነኝም። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ አምራቾቹ በፍጥነት መለኪያው ላይ በቀይ የተሰመረ ወሰን ማስቀመጥ ባላስፈለጋቸው ነበር፤ ሊደረስበት የማይቻልን ቦታ ማንም አያጥርም። ስለዚህ ሐሳቤን ዘርዝሬ እዚህ አቀረብኩ። የፍጥነቱ ጣሪያ ከሞተር ጉልበትና ከድምፅ ፍጥነት የሚመጣ እንደሚመስለኝ፣ የድምፅ ፍጥነትም ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው አየሩ ስለሚሳሳ እንደሆነ ጽፌ፣ የሚያውቁ እንዲያርሙኝ ጠየቅሁ። በአራት ቀናት ውስጥ 18 መልሶች መጡ። ተማሪዬም ሆነች ሌሎች እንዲያነቧቸው በቅደም ተከተላቸው እተርካቸዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንድ ወጣት ረዳት አብራሪ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ስለ ሞተር ጉልበት የገመትኩት ትክክል እንዳልሆነ በትሕትና ገለጸልኝ። የመንገደኞች ጄት አፍንጫውን ጥቂት ደፋ አድርጎ በሙሉ ጉልበት ቢወርድ ወሰኑን በቀላሉ እንደሚያልፈው፣ ስለዚህም ወሰኑ አውሮፕላኑ የሚችለውን ሳይሆን የተፈቀደለትን እንደሚያመለክት አስረዳ። ለአብነትም ቦይንግ 737-800 ሁለት ወሰኖች እንዳሉት ጠቀሰ፤ አንደኛው 340 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 630 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሌላው ማክ 0.82፣ ማለትም የድምፅ ፍጥነት 82 በመቶ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲታለፍ ኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ ፍጥነቱ እስኪቀንስ ድረስ የማያቋርጥ የሚንቋቋ ድምፅ ይሰማል።

2ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ለአንድ አውሮፕላን ሁለት ጣሪያ ለምን እንዳስፈለገ ብቻ ጠየቀ። ጥያቄው ግን የክሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ አገኘሁት።

ለዚህ በ3ኛው መልስ ሰፊ ማብራሪያ የሰጡት ለረጅም ዓመታት አብራሪዎችን ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በኮክፒት ውስጥ የሚታየው ፍጥነት በእርግጥ ፍጥነት አለመሆኑ ነው ሲሉ ጀመሩ። መለኪያው የሚያነበው ከፊት የሚመጣው አየር በአንዲት ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ነው። ያ ግፊት ክንፉንም፣ ጭራውንም፣ መስተዋቱንም የሚገፋው ያው ግፊት ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑ አካል ምን ያህል ጫና እንደተሸከመ ለማወቅ ከመሬት አንጻር ካለው ፍጥነት ይልቅ ይህ ንባብ ይበልጣል። ግፊቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ጫናው በ21 በመቶ ይጨምራል። የ340 ኖት ወሰን የተቀመጠው ለዚህ ጫና ነው። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ያንኑ 340 ኖት ለማሳየት አውሮፕላኑ እየፈጠነ መሄድ ይኖርበታል፤ በ35,000 ጫማ ላይ ያን ንባብ ቢይዝ ፍጥነቱ ማክ 0.97 ላይ ይደርሳል። ይህ ከመሆኑ በፊት ሌላኛው ወሰን ይቀድመዋል። ለ737 ሁለቱ ወሰኖች የሚገናኙት 26,000 ጫማ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚገዛው ጫናው ሲሆን ከዚያ በላይ የሚገዛው የማክ ቁጥሩ ነው። ስሌቱን በወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼው ልክ እርሳቸው ያሉት ሆኖ አገኘሁት፤ በ35,000 ጫማ ላይ በማክ 0.82 የሚበር አውሮፕላን መለኪያው የሚያሳየው 280 ኖት ብቻ ነው።

4ኛው መልስ ሰላምታም አልነበረውም። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር ሆኜ የድምፅ ፍጥነት በአየሩ መሳሳት ይቀንሳል ማለቴ እንዳሳዘነው፣ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የሙቀት መጠን ብቻ እንደሆነ በደረቁ ነገረኝ። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር የሆነው የድምፅ ፍጥነት በ11,000 ሜትር ላይ ወደ 1,062 የሚወርደው አየሩ ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ነው። እርማቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ስለሆነ አመሰገንኩት፤ በማግስቱም ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ አረምኩላቸው።

በ5ኛው መልስ ረዳት አብራሪው ተመልሶ፣ አውሮፕላኑ ራሱ ከድምፅ በታች እየበረረ ሳለ የማክ ወሰን ለምን እንደሚያስፈልገው ገለጸ። አየሩ በክንፉ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ከአውሮፕላኑ የበለጠ ስለሚፈጥን፣ አውሮፕላኑ ማክ 0.82 ላይ ሳለ በክንፉ ጀርባ ላይ የሚያልፈው አየር ከድምፅ ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። ያ ፈጣን አየር ድንገት ሲዘገይ ሾክ ዌቭ የሚባለው ቀጭን የግፊት ግድግዳ ይፈጠራል፤ ከግድግዳው በስተኋላ አየሩ ከክንፉ ይላቀቅና አውሮፕላኑን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል መሃሉ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አፍንጫው በራሱ ይደፋል፤ መድፋቱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነቱም መድፋቱን ያባብሰዋል። አብራሪዎች ይህን ማክ ታክ ይሉታል። ክንፎች ወደ ኋላ ያዘነበሉት ይህ ክስተት እንዲዘገይ ነው፤ ሐሳቡን ጀርመናዊው አዶልፍ ቡዘማን እ.ኤ.አ. በ1935 አቅርቦት ነበር።

6ኛው መልስ የታሪክ ወዳጅ ከሆነ ሰው የመጣ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ውድ የሆነውን ታሪክ ይዟል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1961 የዳግላስ ኩባንያ የሙከራ አብራሪ ዊልያም ማግሩደር አንድ ዲሲ-8 የመንገደኞች ጄት ሆን ብሎ አዘቅዝቆ በ41,000 ጫማ ላይ ማክ 1.012 አደረሰው። ከዚያ ቀና ለማድረግ ሲሞክር የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ጫናውን መቋቋም አቅቶት ቆመ። ማግሩደር ያደረገው ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነበር፤ መሪውን መሳቡን ትቶ አፍንጫውን ይበልጥ ወደ ታች ገፋው። በዚህ ጊዜ በጭራው ላይ ያረፈው ጫና ቀለለ፤ ሞተሩ መሥራት ጀመረ፤ አውሮፕላኑም በ35,000 ጫማ አካባቢ ቀና አለ። ይህን ታሪክ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

7ኛው መልስ ወደ ሙቀት ወሰደን። በአየር ኃይል ውስጥ በቴክኒሻንነት እንዳገለገሉና አሁን ቢሾፍቱ እንደሚኖሩ የገለጹ አንድ አዛውንት፣ ሚግ-21ን የመሳሰሉ በማክ 2 የሚበሩ ጄቶች ላይ የድምፅ ፍጥነት ጣሪያ መሆኑ እንደሚቀር፣ ጣሪያ የሚሆነው ሙቀት እንደሆነ አስታወሱ። ከፊት የሚመጣው አየር በአውሮፕላኑ አፍንጫና በሞተሩ አፍ ላይ ሲታመቅ ይግላል። ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የመንገደኞች ጄት ኮንኮርድ ከማክ 2.04 እንዳያልፍ የተደረገው የአፍንጫው ሙቀት ከ127 ዲግሪ በላይ ከሆነ የአሉሚኒየም አካሉ ጥንካሬ ስለሚጎዳ ነው። ከቲታኒየም የተሠራው የአሜሪካው ኤስአር-71 ከማክ 3 በላይ ቢበርም፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከ427 ዲግሪ እንዳይበልጥ አብራሪው መጠበቅ ነበረበት። ኤፍ-104 በሚባለው ተዋጊ ጄት ላይ ደግሞ የሚገባው አየር ሲግል አብራሪውን ቀንስ የሚል የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራ ነበር። እኔም በኩሌ በቀላሉ ቀመር አሰላሁት፤ ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ የሆነ አየር በማክ 2.04 ሲታመቅ 124 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። የመማሪያ መጽሐፍ ቀመርና የአንድ ታላቅ አውሮፕላን ወሰን በሦስት ዲግሪ ልዩነት ሲገናኙ ማየት ለአንድ መምህር ትልቅ ደስታ ነው።

8ኛው መልስ ክሩ ስለ መንገደኞች ጄት እንጂ ስለ ጦር አውሮፕላን አለመሆኑን በቁጣ አሳሰበ። እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ጥያቄዬ ጄትን ሁሉ የሚመለከት ነበር፤ ጋሼ ቴክኒሻኑም ከርእሱ አልወጡም።

9ኛውን የጻፈችው በጀርመን የምትኖር የአውሮፕላን መዋቅር መሐንዲስ ናት፤ እስከዚህ ድረስ ማንም ፍላተርን አለማንሣቱ እንዳስገረማት በመግለጽ ጀመረች። ፍላተር ማለት ክንፍ ወይም ጭራ ከአየሩ ጉልበት እየሳበ ራሱን በራሱ የሚያንቀጠቅጥበት ሁኔታ ነው። ሚስማሩ የላላ የጣሪያ ቆርቆሮ በነፋስ ጊዜ እንዴት እንደሚንገጫገጭ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ነፋሱ ቀላል ሲሆን ዝም የሚለው ቆርቆሮ ነፋሱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ መብረር ይጀምራል። ክንፍም እንዲሁ እስከ አንድ ፍጥነት ድረስ ንቅናቄውን አየሩ ራሱ ያበርደዋል፤ ከዚያ ፍጥነት በላይ ግን አየሩ ንቅናቄውን ይመግበዋል፤ መዋቅሩም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ አምራቹ ከቀዩ ወሰን በላይ ሌላ ፍጥነት ይወስናል፤ የንድፍ የቁልቁለት ፍጥነት ይባላል። ይህ ፍጥነት የሚሰላበት አንዱ መንገድ፣ አውሮፕላኑ ከነበረበት መስመር 7.5 ዲግሪ ወደ ታች ደፍቶ ለ20 ሰከንድ ቢወርድና ከዚያ አብራሪው በ1.5 ጂ (በመሬት ስበት አንድ ተኩል እጥፍ ጫና) ቀና ቢያደርገው ምን ያህል ይደርሳል ብሎ በመጠየቅ ነው። ከዚያም አውሮፕላኑ ከዚያ ፍጥነት 15 በመቶ በላይ እንኳ ከፍላተር ነጻ መሆኑ በስሌትና በሙከራ መረጋገጥ አለበት። የሃያ ሰከንዱ ነገር እኔን ነካኝ። አንድ አብራሪ ደንግጦ፣ ምን እንደተፈጠረ አስተውሎ፣ እጁን እስኪዘረጋ የሚፈጅበት ጊዜ በሕግ ተቆጥሮለታል ማለት ነው።

10ኛው መልስ ከዚህ ተነሥቶ፣ ቀዩን ወሰን በ15 በመቶ ማለፍ አደጋ የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። 11ኛው መልስ የዚያችው መሐንዲስ ሲሆን አነጋገሯ ከቀድሞው የከረረ ነበር። ያ ትርፍ ለማንም ስጦታ ሆኖ እንዳልተቀመጠ፣ ለድንገተኛ ነፋስ፣ ለመለኪያ ስሕተት፣ ለአብራሪው መዘግየትና ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የአሠራር ልዩነት አስቀድሞ የተከፋፈለ እንደሆነ ጻፈች። ምሳሌ አድርጋ ያቀረበችውም እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1985 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተከሰተውን የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ የበረራ 006 አደጋ ነው። ያ ቦይንግ 747ኤስፒ አንድ ሞተሩ ጉልበት ካጣ በኋላ ተገልብጦ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ 30,000 ጫማ ወረደ፤ በውድቀቱ ወሰኑን አለፈ። ሳን ፍራንሲስኮ ያረፈው ክንፎቹ በቋሚነት ተጣምመው፣ ከጭራው አግድም ክንፍ ላይ ቁራጮች ተቆርጠው ነበር። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል፤ ትርፉ ሥራውን ሠርቷልና፤ አውሮፕላኑ ግን ምን ያህል እንደቀረው ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም ነበር።

12ኛው መልስ ወደ ወፎች ሄደ። የመንገደኞች ጄት የፊት መስተዋት 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ በንድፍ የጉዞ ፍጥነቱ ቢመታው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ሆኖ መሠራት አለበት፤ ጥንብ አንሣ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሣ ከ37,000 ጫማ በላይ ከጄት ጋር መጋጨቱንም አነሣ፤ ትልልቅ ወፎች ባሉበት ሰማይ ዝቅ ብሎ መፍጠን የማይመከረው ለዚህ ጭምር ነው።

በ13ኛው መልስ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወንድማችን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒውዮርክ ለንደን ሲበር በሰዓት 1,327 ኪሎ ሜትር መድረሱን አስታውሶ፣ ታዲያ ይህ ከድምፅ በላይ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። የበረራ አስተማሪው መልሱን በአንድ አንቀጽ ቋጩት። ያ ፍጥነት ከመሬት አንጻር የተለካ ሲሆን፣ በዚያ ቀን አውሮፕላኑን የተሸከመው አየር ራሱ በከባድ የነፋስ ማዕበል ምክንያት ወደ ምሥራቅ ይከንፍ ነበር። ክንፉ የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው፤ ከአየሩ አንጻር አውሮፕላኑ እንደወትሮው ከድምፅ በታች ነበር። ይህ 14ኛው መልስ መሆኑ ነው።

ክሩ ከዚህ በኋላ ልቤን ወደሚያከብደው ነገር ገባ። 15ኛው መልስ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302ን አንሥቶ፣ አብራሪዎቹ ፍጥነቱን ባይለቁት ኖሮ አውሮፕላኑ ይድን ነበር ሲል በድፍረት ፈረደ። 16ኛው መልስ ከረዳት አብራሪው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ትሑት የነበረው ወጣት በዚህ ጊዜ ተቆጣ። 157 ሰዎች ባለቁበት ጉዳይ አንድ ቁጥር ብቻ መዝዞ መፍረድ ተገቢ እንዳልሆነ ጽፎ፣ የታወቀውን በቅደም ተከተል አስቀመጠ። የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ገና ከመነሣታቸው አውሮፕላኑ ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አስነሣባቸው፤ የሁለቱ አብራሪዎች የፍጥነት መለኪያዎችም አልተስማሙም፤ ኤምካስ የተባለው በራሱ የሚሠራ ሥርዓት የጭራውን አግድም ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበታቸው ስለቀሩ ፍጥነቱ 340 ኖትን አለፈ። አብራሪዎቹ ያን ክንፍ በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰውን ትሪም ዘግተው፣ ክንፉን በእጅ የሚያንቀሳቅሱበትን መንኮራኩር ሲሞክሩት አልዞር አላቸው። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ክብደቱን በሴንሰሩና በኤምካስ ላይ ሲያደርግ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ደግሞ የአብራሪዎቹ አፈጻጸም በበቂ አልታየም የሚል አስተያየት ሰጥተዋል።

እዚህ ላይ የራሴን እምነት ልናገር። መንኮራኩሩ ያልዞረበት ምክንያት ከ6ኛው መልስ ታሪክ ጋር አንድ ነው። የጭራው አግድም ክንፍ አፍንጫውን ወደ ታች በሚገፋበት ቦታ ላይ ሆኖ አብራሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው መሪውን ሲስቡ፣ በፍጥነቱ ካሬ ያደገው ጫና ያን መንኮራኩር በሰው ክንድ ከሚቻለው በላይ ያከብደዋል። ማግሩደር ጫናውን ለማቅለል አፍንጫውን ወደ ታች የገፋው 41,000 ጫማ ከበታቹ ስለነበረው ነው፤ የእኛ ልጆች ከመሬት በላይ ጥቂት ሺህ ጫማ ብቻ ነበራቸው። የፍጥነት ወሰን ብረትን ብቻ አይጠብቅም፤ የሰው ክንድ አውሮፕላኑን ማዘዝ የሚችልበትንም ልክ ይጠብቃል። ነገር ግን ሰውን ወደዚያ ወሰን ደጋግሞ የሚገፋ ሥርዓት በአንድ ሴንሰር ላይ ተመሥርቶ መሠራቱ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የከበደው ጥፋት ነው። ይህን በክሩም ላይ ጽፌያለሁ፤ ቁጥር ግን አልሰጠሁትም። የ15ኛው መልስ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

17ኛው መልስ ከአንድ ቀን በኋላ መጣ፤ የጻፉትም የቢሾፍቱው አዛውንት ናቸው። ሁላችንም በሰማይ ስንከራከር በምድር ላይ ያለውን ወሰን መርሳታችንን በእርጋታ አሳሰቡ። ብዙ የጄት ጎማዎች በሰዓት እስከ 225 ማይል፣ ማለትም 195 ኖት ድረስ ብቻ እንዲሽከረከሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ይህም ከመሬት አንጻር የሚለካ እውነተኛ ፍጥነት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚያነሣውን ግፊት እስኪያገኝ ድረስ አውሮፕላኑ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ይልቅ ፈጥኖ መንደርደር አለበት። ስሌቱን ለእኔ ተዉልኝ። መለኪያው 165 ኖት ሲያሳይ የሚነሣ ከባድ ጄት፣ አየሩ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀትር ላይ ከመሬት አንጻር 193 ኖት ይደርሳል። ለጎማው የቀረው ሁለት ኖት ብቻ ነው ማለት ነው። የዋሽንግተኑ ወንድማችን ወዲያው በ18ኛው መልስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ለዓመታት ደብሊን ላይ ያርፍ የነበረው አውሮፕላን ሲመለስ ለምን በቀጥታ እንደሚመጣ አሁን እንደገባው ጻፈ። ከቦሌ ለረጅሙ ጉዞ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ለመነሣት ከፍታው አይፈቅድም፤ ለዚህ ከሞተሩና ከመንደርደሪያው ርዝመት ጋር ጎማውም ይቆጠራል፤ ዋሽንግተን ግን ለባሕር ወለል ቅርብ ናት።

አዛውንቱ በመጨረሻ ለእኔ ብቻ በግል መልእክት አንድ እርማት ላኩልኝ፤ በፈቃዳቸው እዚህ አኖረዋለሁ። የ25 ዲግሪው ቀትር ለስሌት ጥሩ ቢሆንም፣ ከባድ ጭነት ላለው ጄት የሚመረጠው አየሩ የሚቀዘቅዝበት ሌሊት እንደሆነ ነገሩኝ። በ12 ዲግሪ ላይ ደግሜ ስሠራው 193ቱ ወደ 189 ወረደ። ሰኞ ጠዋት ለተማሪዬ በሰሌዳው ላይ የምጽፍላት የመጀመሪያው ስሌት ይህ ይሆናል።